ምዕራፍ ሰባት፦ የጡብ ምድጃን ሴራሚክ ማልበስ

የግድግዳ ምድጃ፣ በከተማ ሰው አፍ ፋየርፕሌስ የሚባለው፣ ከግድግዳ ጋር አብሮ የተገነባ፣ እንጨት የሚነድበትና ጭሱ በጭስ ማውጫ ወደ ጣሪያ የሚወጣበት ግንባታ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከጡብ ነው። ጡብ እሳት አይበላውም፤ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ ሙቀት ያጠራቅማል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት ክፍሉን ያሞቃል። ጉድለቱ መልኩ ላይ ነው። ምዕራፍ አምስት ውስጥ እንደተገለጸው ጡብ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ጥላሸቱን ይጠጣል፣ አቧራውን ይይዛል፣ በጨርቅ ቢወለወልም አይጠራም። ዓመታት ሲቆጠሩ ከምድጃው አፍ በላይ ያለው ጡብ ይጠቁርና ሳሎኑን በሙሉ ያጨልመዋል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቤቶች ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ቡናማ የጡብ ምድጃ ይገኛል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያን ምድጃውን ምን እናድርገው ብለው ማሰባቸው አይቀርም። ማፍረስ ውድ ነው፤ ከጭስ ማውጫው ጋር የተያያዘ ስለሆነም አደገኛ ነው። ቀለም መቀባት ርካሽ ቢሆንም የጡቡን ጎርባጣነት አይሸፍንም። ሦስተኛው መንገድ ጡቡን ሳይነኩ በላዩ ላይ ሴራሚክ መለጠፍ ነው። ሥራው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ከመለጠፍ ጋር በብዙ ነገር ይመሳሰላል። የሚለየው እሳት በመኖሩ ሲሆን፣ ይህ አንድ ልዩነት ከሴራሚኩ ምርጫ እስከ መጋጠሚያው ስፋት ድረስ ሁሉንም ነገር ይወስናል።

የምድጃው አካላት

ለመግባባት ያህል ምድጃውን በአራት መክፈል ይበጃል። የመጀመሪያው እንጨቱ የሚነድበት ጎድጓዳ ክፍል ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የእሳት ጓዳ ይባላል። ሁለተኛው በእሳት ጓዳው አፍ ዙሪያ፣ በግራ፣ በቀኝና ከላይ የሚታየው የጡብ ግድግዳ፣ ማለትም የምድጃው ፊት ነው። ሦስተኛው ከአፉ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ የተዘረጋው የማይቃጠል ንጣፍ ነው፤ ፍንጣሪ ቢወጣ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ የምድጃው ደጃፍ ሊባል ይችላል። አራተኛው ከአፉ በላይ የሚቀመጠው፣ ብዙ ጊዜ ከእንጨት የሚሠራው መደርደሪያ ነው።

ሴራሚክ የሚለጠፈው በፊቱና በደጃፉ ላይ ብቻ ነው። የእሳት ጓዳው ውስጥ አይለጠፍም። ነበልባል ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ጠንክሮ የረጋ ሲሚንቶ ደግሞ ከ400 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በውስጡ አስሮ የያዘውን ውሃ መልቀቅና መፈርፈር ይጀምራል። ለዚህ ነው የእሳት ጓዳ ውስጡ በእሳት ጡብና ለከፍተኛ ሙቀት ተብሎ በተዘጋጀ ሞርታር የሚገነባው። ተራ ሴራሚክ በተራ ማጣበቂያ እዚያ ውስጥ ቢለጠፍ ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል።

ልማዱ ከየት መጣ

ምድጃን ሴራሚክ ማልበስ አዲስ ፋሽን አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኔዘርላንድስ፣ በተለይ ዴልፍት በተባለችው ከተማ ስም የሚታወቁት ነጭና ሰማያዊ ሴራሚኮች የምድጃ ዙሪያን ለመሸፈን ይውሉ ነበር። ላያቸው ላይ ያለው መስታወት መሰል ልባስ ጥላሸት አያስገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠራል፤ የእሳቱን ብርሃንም ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ልማዱ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1756 የሊቨርፑሎቹ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን ሥዕልን ከወረቀት ወደ ሴራሚክ የሚያትሙበትን ዘዴ አሳዩ፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ1200 በላይ ሴራሚክ ማተማቸውንም በቃለ መሐላ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1840 ሪቻርድ ፕሮሰር የሸክላ ዱቄትን በማሽን ጨምቆ ቅርጽ የመስጠትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ዘዴው የታሰበው ለአዝራር ሥራ ቢሆንም የሚንተን ፋብሪካ ወደ ሴራሚክ ሥራ ወሰደው፤ ውፍረታቸው እኩል የሆነ፣ ዋጋቸውም ያልከበደ ሴራሚኮች ወደ ተራ ሰው ሳሎን ገቡ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለምዕራፉ ዋና ሐሳብ የሚጠቅመው ስለ ማጣበቂያው የሚነገረው ክፍል ነው። የዴልፍት ሴራሚኮች ይለጠፉ የነበሩት በኖራ ሞርታር ነው። የኖራ ሞርታር ከሲሚንቶ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው፤ በጥፍር እስከ መጫር ይደርሳል። ይሁን እንጂ በዚያ ሞርታር ተለጥፈው ብዙ ሺህ እሳት ያሳለፉ ሴራሚኮች ዛሬም በቦታቸው ላይ ይገኛሉ። ደካማ የተባለው ሞርታር ይህን ያህል መቆየቱ፣ ጠንካራ የተባለው ሲሚንቶ ደግሞ ምድጃ ላይ ቶሎ መሰንጠቁ የራሱ ምክንያት አለው።

ዋናው ሐሳብ፦ እኩል የማይሞቁ ሁለት አካላት

ማንኛውም ጠጣር ነገር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። የአንድ ሜትር ርዝመት ያለው የሸክላ ጡብ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚጨምረው ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ስድስት እጅ ገደማ ነው። ፖርስሊን የሚባለው ጠንካራ ሴራሚክ ወደ ሰባት ይጠጋል። የሲሚንቶ ሞርታር ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ይደርሳል፤ ብረትም አሥራ ሁለት ገደማ ነው።

ቁጥሮቹ አንድ የሚያረጋጋና አንድ የሚያሳስብ ነገር ይናገራሉ። የሚያረጋጋው ጡብና ሴራሚክ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ሁለቱም ተጠፍጥፎ የተተኮሰ ሸክላ ናቸው፤ ስለዚህ እኩል ቢሞቁ እኩል ለማለት በሚቻል መጠን ይሰፋሉ። የሚያሳስበው በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶ ከሁለቱም በላይ መስፋቱ ነው። ከዚህም የሚብሰው ጡቡና ሴራሚኩ በተመሳሳይ ጊዜ የማይሞቁ መሆናቸው ነው። እሳቱ ሲቀጣጠል ሙቀቱ በጨረር የሴራሚኩን ፊት ይመታል፤ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ከበስተኋላው ያለው ወፍራም ጡብ ግን ገና አልተነካም፤ እሱ የሚሞቀው ሙቀቱ ከእሳት ጓዳው ግድግዳ ቀስ እያለ ሲተላለፍለት ነው። እሳቱ ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል። ሴራሚኩ ቶሎ ቀዝቅዞ ሲጠብ፣ ጡቡ ገና ሙቅና የሰፋ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ እሳት ማጣበቂያው መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ኋላም ወደ ተቃራኒው ይጎተታል።

ይህን ከእንጀራ ምጣድ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። አዲስ ምጣድ ገዝቶ ወዲያው ኃይለኛ እሳት ላይ የሚጥድ ባለሙያ የለም፤ በለስላሳ እሳት ቀስ በቀስ ይሟሻል። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት ደግሞ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። የሰነጠቀው ሙቀቱ ብቻውን አይደለም፤ ምጣዱ ገና ሲሠራ ከዚያ የበለጠ እሳት አይቷል። የሰነጠቀው ውሃ የነካው ክፍል በድንገት ሲጠብ፣ ያልነካው ክፍል እንደሰፋ በመቅረቱ ነው። በአንድ አካል ላይ ሁለት መጠን ተፈጠረ፤ ሸክላ ደግሞ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲጎትቱት ደካማ ነው። በሴራሚክ የለበሰ ምድጃም ተመሳሳይ ፈተና ይደርስበታል። ልዩነቱ የሙቀቱ ክፍተት ያነሰ መሆኑና በሁለቱ አካላት መካከል ልዩነቱን የሚሸከም ስስ ሽፋን፣ ማለትም ማጣበቂያው፣ መኖሩ ነው።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይቻላል። የምድጃው ፊት 1.5 ሜትር ስፋት ኖሮት ሴራሚኩ በ60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከዳር እስከ ዳር 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ፊቱ በሙሉ አንድ ወጥ ድንጋይ ቢሆን ማጣበቂያው ይህን ሁሉ መሸከም ነበረበት። ሴራሚኮቹ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ደግሞ 0.04 ነው። ችግሩ በመጋጠሚያዎቹ ተከፋፍሎ ያንሳል። ምድጃ ላይ ትንንሽ ሴራሚክ ከትልልቁ ይልቅ ቻይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው የሴራሚኩን ክብደት ነው። ፍርሃቱ ቦታውን የሳተ ነው። አሥር ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖርስሊን በካሬ ሜትር 23 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ 30 በ30 የሆነው አንዱ ሴራሚክ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ጥሩ የሲሚንቶ ማጣበቂያ በቤተ ሙከራ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አሥር ኪሎ ያህል ጉተታ መቋቋም ይጠበቅበታል። በዚህ ስሌት ያንን ሁለት ኪሎ ሴራሚክ በቀጥታ ጎትቶ ለመንቀል ዘጠኝ ቶን ያስፈልጋል። ሴራሚክን ከምድጃ ላይ የሚጥለው ክብደቱ አይደለም፤ የሚጥለው ቀን ከቀን የሚደጋገም እኩል ያልሆነ መስፋትና መጥበብ ነው። የኖራ ሞርታር ዕድሜ ምስጢርም ይኸው ነው። ኖራው ለስላሳ ስለነበረ ሲጎተት በጥቂቱ ይከተላል፤ ደረቁ ሲሚንቶ ግን እስከ መጨረሻው ይይዝና በድንገት ይለቃል። ከዚህ በታች ያለው የሥራ ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚፈልቅ ነው።

ሙቀቱ የሚበረታበት ቦታ

የምድጃው ፊት በሁሉም ቦታ እኩል አይሞቅም። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በጣም የሚግለው ከአፉ በላይ ያለው ክፍል ነው። ግራና ቀኙ ይከተላል፤ ከአፉ በራቁ ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል። ከአፉ በላይ ያሉትን ጡቦች የተሸከመው አብዛኛውን ጊዜ አንጎላሬ ብረት ነው። ብረቱ በአንድ ዲግሪ የሚሰፋው የጡቡን እጥፍ ነው፤ በዚያ ላይ ነበልባሉ ስር ስለሆነ ከሁሉም ቀድሞ ይግላል። ስለዚህ ሴራሚክ በቀጥታ ብረቱ ላይ አይለጠፍም፤ የመጨረሻው ረድፍ በጡቡ ላይ ያርፍና ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነጻ ሆኖ ይተዋል።

ሴራሚክ ባይቃጠልም ሥራው ብዙ ጊዜ ከእንጨት መደርደሪያና ከእንጨት ክፈፍ ጋር ይያያዛል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ሕንፃ ሕግ ማንኛውም የሚቃጠል ነገር ከእሳት ጓዳው አፍ ቢያንስ 152 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ያዛል። እስከ 305 ሚሊ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ደግሞ ከአፉ በራቀ በእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር፣ እንጨቱ ከግድግዳው ወደ ፊት መውጣት የሚፈቀድለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ደጃፉ ከአፉ ፊት ቢያንስ 406፣ በጎንና በጎን 203 ሚሊ ሜትር መዘርጋት አለበት፤ የአፉ ስፋት 0.56 ካሬ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ልኩ ወደ 508 እና 305 ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ፊቱ ሴራሚክ ሲለብስ በሴራሚኩና በማጣበቂያው ውፍረት ያህል ወደ ፊት ይወጣል፤ የደጃፉ ስፋት ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ድሮ በልኩ የነበረ ደጃፍ ከሥራው በኋላ በሁለት ሴንቲ ሜትር ሊያንስ ስለሚችል ልኬቱ አስቀድሞ ሊሰላ ይገባል።

ከመሸፈን በፊት መመርመር

ሴራሚክ የሚሸፍነውን ሁሉ ይደብቃል። ጡቡ ላይ ያለ ስንጥቅ ከተሸፈነ በኋላ አይታይም፤ መንቀሳቀሱን ግን አያቆምም፣ በመጨረሻም ሴራሚኩን አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ስንጥቆቹ መጀመሪያ መነበብ አለባቸው። በአንድ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ያለ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የእርጅና ምልክት ነው፤ አሮጌውን ሞርታር በመሮ አውጥቶ በአዲስ መሙላት ይበቃዋል። እንደ ደረጃ እየተጠማዘዘ ከጡብ ወደ ጡብ የሚወጣ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መስመጡን ሊያመለክት ይችላል፤ ይህን ሴራሚክ አያድነውም፣ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ጭስ ማውጫውም በዚሁ አጋጣሚ መጠረግና መፈተሽ አለበት፤ የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር መስፈርት ጭስ ማውጫ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲፈተሽ ይላል።

ጡቡ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሁለት ጥያቄ ይነሳል። አንደኛው የጤና ነው። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ቀለም ሳይመረመር መፋቅ የለበትም፤ አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ሁለተኛው የሥራ ነው። በቀለም ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ጡቡን አይደለም፤ ቀለሙ ሲላጥ ሴራሚኩም አብሮ ይላጣል።

ጡቡን ማዘጋጀት

ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ጥቂት የውሃ ጠብታ ጡቡ ላይ ይረጫል። ውሃው ወዲያው ተመጥጦ ቦታው ከጠቆረ፣ ጡቡ ክፍት ነው፤ ማጣበቂያውም ገብቶ ይይዘዋል። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ወይም ወደ ታች ከተንከባለለ ግን ላዩ ላይ ጥላሸት፣ ቅባት፣ ቀለም ወይም ውሃ የማያስገባ ቅብ አለ ማለት ነው። ከምድጃ የሚወጣ ጥላሸት ቅባት ስላለው ቅባት በሚያለቅቅ ሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ይታሻል፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ሲደርቅም ፈተናው ይደገማል።

ቀጣዩ ማስተካከል ነው። የጡብ መጋጠሚያዎች ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ አንዳንድ ጡብም ሆን ተብሎ ወደ ፊት እንዲወጣ ተደርጎ ይገነባል። ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ረጅም ውሃ ልክ ፊቱ ላይ ሲጋደም ጉድጓዱና ጉብታው ይታያል። ጉብታው በመሮ ወይም በግራይንደር ይነሳል። ጉድጓዱ በስስ የሲሚንቶ ልስን ይሞላል፤ ለዚህ የሚውለው ልስን ራሱ ማጣበቂያ የተቀላቀለበት ቢሆን ይመረጣል። ልስኑ ሲረጋ ጡቡ ሁሉ አንድ ለስላሳ ገጽ ይሆናል። ጡቡ ከመጠን በላይ ጎርባጣ ከሆነ ወይም ቀለሙ ካልለቀቀ፣ የሽቦ መረብ በብሎን ጡቡ ላይ ታስሮ በላዩ ወፍራም ልስን ይለሰናል፤ አለዚያ የሲሚንቶ ሰሌዳ ይታሰራል። ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ብሎኑ እንጂ ቀለሙ አይደለም። የጂፕሰም ሰሌዳ ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ ጂፕሰም ሙቀት ሲደጋገምበት በውስጡ ያለውን ውሃ ለቆ ይልማል።

ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የተጠማው ጡብ በእርጥብ ስፖንጅ ይረጥባል። ምክንያቱ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ተብራርቷል፦ ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውህደት ነው። የተጠማ ጡብ ውሃውን ቀድሞ ከመጠጠው ማጣበቂያው ሳይዋሃድ ይደርቅና ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጡቡ መርጠብ ያለበት ግን ውሃ እስኪንጠባጠብ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ውሃ ከቆመ ቀዳዳዎቹ ስለሚሞሉ ማጣበቂያው የሚገባበት ያጣል።

ሴራሚኩን መምረጥ

ሴራሚኮች የሚለዩት በሚጠጡት ውሃ መጠን ነው። ፖርስሊን ከክብደቱ ግማሽ በመቶ በላይ ውሃ አይጠጣም። ተራ የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ሁለቱም እሳት አይፈሩም፤ ፖርስሊን ሲሠራ እስከ 1200 ዲግሪ ገደማ ድረስ የተተኮሰ ነው። ለፊቱ ሁለቱም ይሆናሉ። ለደጃፉ ግን እንጨት ስለሚወድቅበት፣ የእሳት መቆስቆሻ ብረትም ስለሚያርፍበት ፖርስሊን ይመረጣል። እብነ በረድ ይቻላል፤ ሆኖም ነጩ እብነ በረድ ጥላሸትና ቅባት ቶሎ ያቆሽሸዋል። የመስታወት ሴራሚክ ሙቀት ሲለዋወጥበት የመሰንጠቅ ዕድሉ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ፣ አምራቹ ለምድጃ ይሆናል ብሎ ካልጻፈበት ባይመረጥ ይሻላል። በሬዚን የተሠራ አርቴፊሻል ድንጋይ ከአፉ አጠገብ አይሆንም፤ ሬዚኑ ፕላስቲክ ነው፣ ሲሞቅ ቀለሙ ይለወጣል።

ማጣበቂያው

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ማጣበቂያ አለ። አንዱ በባልዲ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ እንደ ክሬም የሆነ የፕላስቲክ ሙጫ ነው። ለወጥ ቤት ግድግዳ ይሠራል፤ ምድጃ ላይ ግን ሲሞቅ ስለሚለሰልስ አይፈቀድም። ሌላው በከረጢት የሚመጣ፣ በውሃ የሚቦካ የሲሚንቶ ማጣበቂያ ነው። ለምድጃ የሚሆነው ይህ ነው።

የሲሚንቶ ማጣበቂያ ዛሬ ያለበት ደረጃ ላይ የደረሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ሮትበርግ ላቴክስ የተባለውን የጎማ ፈሳሽ ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ በስሱ ተቀብቶ የሚይዝ ሞርታር አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1956ም ላቲክሬት የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ከዚያ በፊት ሴራሚክ የሚለጠፈው ብዙ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሞርታር ላይ ነበር። ዛሬ ጎማ መሰሉ ንጥረ ነገር ፖሊመር በሚባል ዱቄት መልክ ከረጢቱ ውስጥ ተቀላቅሎ ይመጣል። ሲሚንቶው ሲረጋ ፖሊመሩ በቅንጣቶቹ መካከል ስስ ክሮች ይዘረጋል። ሲሚንቶው ይይዛል፤ ክሮቹ ደግሞ ሲጎተቱ በጥቂቱ ይለጠጣሉ። የኖራ ሞርታር የነበረው ቻይነት በሲሚንቶ ጥንካሬ ላይ ተጨመረ ማለት ነው።

በአውሮፓ መስፈርት የተሠራ ከረጢት ላይ ይህ በፊደልና በቁጥር ይጻፋል። «ሲ2» የሚለው ምልክት ከፍተኛ የመያዝ ኃይል ያለውን የሲሚንቶ ማጣበቂያ ያመለክታል። «ኤስ1» ማጣበቂያው ሳይሰበር መተጣጠፍ እንደሚችል ይናገራል፤ «ኤስ2» የበለጠ ይተጣጠፋል። «ቲ» ካለበት ግድግዳ ላይ አይንሸራተትም። ለምድጃ ፊት ሲ2 ከኤስ1 ጋር ያለበት ተስማሚ ምርጫ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው የሙቀት ወሰን መነበብ አለበት፤ ፖሊመር ያለ ልክ ከሞቀ ኃይሉን ያጣልና።

አለጣጠፉ

ማጣበቂያው ጥርስ ባለው ብረት ጡቡ ላይ ይሰራጫል፤ ለ30 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ የአሥር ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል። መስመሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሴራሚኩ ሲቀመጥ መስመሮቹን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ይጫናል፤ መስመሮቹ ይደፈጠጣሉ፣ በመካከላቸው ያለው አየርም ይወጣል። የመጀመሪያው ሴራሚክ ወዲያው ተነቅሎ ጀርባው መታየት አለበት። ጀርባው በሙሉ ማጣበቂያ ከለበሰ ሥራው ትክክል ነው። ባዶ መስመሮች ከታዩ ማጣበቂያው አንሷል ወይም ደርቋል። ለደረቅ የቤት ውስጥ ግድግዳ የአሜሪካ መስፈርት ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሸፈን ይጠይቃል፤ ምድጃ ላይ ግን ሙሉ መሆኑ ይመረጣል። ባዶ ቦታ ውስጥ የታሰረ አየር ሙቀትን ከጡብ እኩል ስለማያስተላልፍ፣ አንዱ ሴራሚክ ራሱ በከፊል ይግላል፣ በከፊል ይቀዘቅዛል።

አሰላለፉ ከአፉ መካከል ይጀምራል። ቀጥ ያለ የመካከል መስመር በቱንቢ ይወርዳል፤ ሴራሚኮቹ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ ይለካሉ፤ የተቆረጡት ዳር ላይ ይወድቃሉ። ከአፉ በላይ ያለው ረድፍ የሚያርፍበት ስለሌለ፣ ቀጥ ያለ ጣውላ በጊዜያዊነት ይታሰርለታል፤ ማጣበቂያው እስኪረጋ ድረስም ይቆያል። ሴራሚክ የሚቆረጠው ውሃ በሚረጭ መቁረጫ ቢሆን ይመረጣል፤ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ አለበት።

መጋጠሚያዎች

በሴራሚኮች መካከል ያለው ክፍተት ለውበት ብቻ የተተወ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሴራሚክ ጎረቤቱን ሳይገፋ የሚሰፋበት ቦታ ነው። ሴራሚኮች ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው ቢለጠፉ ሲሞቁ ይገፋፋሉ፣ መውጫ ሲያጡም ከግድግዳው ይነሳሉ። ለምድጃ ፊት ከሦስት ሚሊ ሜትር ያላነሰ ክፍተት ይመከራል። ክፍተቱ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ግራውት በሚባለው መሙያ ይሞላል። እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ላለ ክፍተት አሸዋ የሌለበት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ አሸዋ ያለበት ግራውት ይውላል፤ አሸዋው ግራውቱ ሲረጋ እንዳይኮማተርና እንዳይሰነጠቅ ያግዛል።

ግራውት የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። የምድጃው ፊት ከደጃፉ የሚገናኝበት ማዕዘን፣ ሴራሚኩ ከቤቱ ተራ ግድግዳ የሚገናኝበት ዳር፣ ከእንጨት መደርደሪያው ስር ያለው መስመርና ከአንጎላሬው ጋር ያለው ጠርዝ በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ሁለት ነገሮች የሚገናኙባቸው ናቸው። ደረቅ ግራውት እዚያ ቢገባ በመጀመሪያው ክረምት ይሰነጠቃል። ቦታው የሚሞላው በሚለጠጥ ሲሊኮን ነው፤ ለአፉ ቅርብ በሆነው ቦታ ደግሞ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ሲሊኮን ያስፈልጋል።

ጥበቃና የመጀመሪያው እሳት

ሥራው ሲያልቅ ምድጃው ያለቀ ይመስላል፤ ማጣበቂያው ግን ገና እየተዋሃደ ነው። የሲሚንቶ ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። አንዳንድ ማጣበቂያዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ እሳት ይፈቅዳሉ፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ይከበራል፣ ካልተጻፈ ግን 28 ቀን መጠበቅ አስተማማኝ ነው። ቀድሞ የነደደ እሳት ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ ውህደቱ ይቋረጣል፣ እንፋሎቱም መውጫ ፍለጋ ማጣበቂያውን ይገፋዋል።

የመጀመሪያዎቹ እሳቶች ትንንሽ መሆን አለባቸው፤ ምድጃውም እንደ ምጣዱ መሟሸት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጭራሮ ይነድና ይተዋል፤ ምድጃው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀጣዩ ቀን ትንሽ ይጨመርበታል፤ ሙሉ እሳት የሚነደው ከሦስት ወይም ከአራት እንዲህ ካሉ ቀናት በኋላ ነው። በየመካከሉ ሴራሚኮቹ በጣት አጥንት ወይም በእንጨት እጀታ ቀስ ተብለው ይንኳኳሉ። ደፍን ያለ ድምፅ የሚሰጠው በደንብ ይዟል። ባዶ ዕቃ የሚመስል ድምፅ የሚሰጠው ከኋላው ለቋል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ዙሪያው ያለው ግራውት ተፍቆ ሴራሚኩ ይነሳና እንደገና ይለጠፋል። ከአፉ በላይ ያሉት ብዙዎቹ በአንድነት ባዶ ድምፅ ከሰጡ ግን ችግሩ የአንድ ሴራሚክ አይደለም፤ ጡቡ በሚገባ አልጸዳም ወይም ማጣበቂያው ለሙቀቱ አልሆነም ማለት ነው፣ ያ ክፍል በሙሉ መነሳት አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። ሴራሚኩ ሲቀዘቅዝ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይወለወላል፤ ትኩስ ሳለ በእርጥብ ጨርቅ አይነካም። ግራውቱ ጥላሸት እንዳይጠጣ ሥራው ከተጠናቀቀና ከደረቀ በኋላ ግራውት የሚጠብቅ ቅብ ይቀባል፤ ቅቡ ሲያልቅም ይታደሳል። ሲሊኮኑ ከዓመታት በኋላ ሲደርቅና ከጠርዙ ሲላቀቅ ተፍቆ ይለወጣል። ጭስ ማውጫው በየዓመቱ ሲፈተሽ ሴራሚኮቹም በዚያው ይንኳኳሉ፤ የለቀቀ አንድ ሴራሚክ በጊዜ ከተገኘ ጥገናው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።